የክራር ቅኝትና የፒያኖ ቅኝት፤ በኩታበር አንድ ቤት ውስጥ የተጀመረ የታሪክ ጥናት

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ይህ የዓመት መጽሐፍ ሲዘጋጅ፥ የታሪክ አስተማሪያችን እያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዙ። ጓደኞቻችን ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነቶችና ስለ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ለመጻፍ መረጡ። እኛ ግን በቤታችን ውስጥ የቆመ አንድ አሮጌ ፒያኖ አስቸግሮን ስለ ነበር፥ ስለ እርሱ ለመጻፍ ቈረጥን። አስተማሪያችንም ፈገግ ብለው «ለመሆኑ ፒያኖ በኩታበር ምን ታሪክ አለው?» ሲሉ ጠየቁን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የምናቀርበው መልስ ነው። «እኛ» የምንለውም ይህን የሚጽፈው ተማሪና ታናሽ እኅቱ መሆናችንን ክቡራን አንባብያን እንዲረዱልን እንለምናለን።

ኩታበር ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በክረምት ጉም የማይለያት የደጋ ከተማ ናት። ፒያኖውን የገዙት አጎታችን ሲሆኑ፥ እርሳቸውም ያገኙት በደሴ ይሠሩ በነበረ ጊዜ አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ስድስት ጐልማሶች ተሸክመው አስገቡት፤ እናታችንም ከግድግዳው አስጠግተው ዳንቴል አለበሱት። እኛ በልጅነታችን በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ኖታ ማንበብና መዝሙር መምታት ተምረን ስለ ነበር፥ በመጀመሪያው በጋ ቤታችን ደስታ በደስታ ሆነ። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ግን ድምፁ ተበላሸ። አንዱን ቁልፍ ስንነካ ሁለት ሦስት ሰዎች እኩል የሚጨቃጨቁ ይመስል ነበር። ፒያኖ የሚቃኝ ባለሙያ በአካባቢያችን አላገኘንም፤ ከአዲስ አበባ እንዳይመጣልን ደግሞ ከደሴ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ወጪውም ለቤተ ሰባችን ከባድ ነበር።

ስለዚህ ራሳችን ለማበጀት ተነሣን። ፒንሳ ተውሰን፥ ክዳኑን ከፍተን፥ ክሩ የተጠመጠመበትን አንድ ችንካር ያዝንና አጥብቀን አዞርነው። ድምፁ አልተለወጠም። አሁንም ጨምረን አዞርን። የያዝነው ችንካር የምንመታው ክር ሳይሆን የጎረቤቱ መሆኑን ያወቅነው፥ ክሩ ጧ ብሎ ሲበጠስና የእኅታችንን እጅ ሲገርፍ ነው። አጎታችን በመጡ ጊዜ አልተቆጡም። እጇን አዩ፤ የተበጠሰውን ክር አዩ፤ ክዳኑን ከደኑና «ከእንግዲህ ሳታውቁ እንዳትነኩት» አሉን። ሳናውቅ እንዳንነካ ከታዘዝን ዘንድ ማወቅ ግዴታችን ሆነ፤ የታሪክ ጥናታችንም በዚሁ ተጀመረ።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም መረመርን። መቃኘት ማለት ክሮችን በማጥበቅና በማላላት ድምፃቸው እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ ነው። በአገራችን ሙዚቃ ግን ቅኝት ሌላም ትርጉም አለው፤ ይኸውም ዜማው የሚመሠረትበት የአምስት ድምፆች ሥርዓት ነው። የታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይባላሉ። ከእነዚህ ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ባቲ ከደጋው ወደ አፋር ቈላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፥ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰልም በሰሜን በኩል ከእኛ ከኩታበር ጋር የሚዋሰን አገር ነው። የወሎዋ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ ስሟ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀው በተለይ በእነዚህ ዜማዎች ነው። እንግዲህ ከቤታችን ደጃፍ ሆነን የምናየው ተራራ የሙዚቃ ሥርዓት ስም መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ አላልንም ነበር።

የአገራችን የዜማ ትምህርት ጥንታዊ መሆኑ የታወቀ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የቤተ ክርስቲያንን ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ከፍሎ አስተማረ፤ የዜማው ምልክቶችም በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ዐሥር አውታር ያለው በገና ለመንፈሳዊ መዝሙር ሲያገለግል ኖሯል። በወሎም የእስልምና ሊቃውንትና ደረሶቻቸው መንዙማን እያዜሙ ለትውልድ አስተላልፈዋል። የክራር ቅኝት ግን እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ዜማ በምልክት ተጽፎ አልቆየንም፤ ከጆሮ ወደ ጆሮ፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

ይህንንም ለማየት ወደ አንድ ጎረቤታችን ሄድን። እኒህ ሽማግሌ ክራር በመምታት የታወቁ ናቸው፤ እኛም «አባባ» እያልን እንጠራቸዋለን። ክራራቸው ስድስት ክር አለው። ክሮቹ ከላይ በቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጋር ተጠምጥመዋል፤ ጥምጥሙን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩት ክሩ ይጠብቃል፥ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ይላላል። «አባባ፥ የመጀመሪያውን ክር በምን ይለኩታል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው በዝግታ አንጐራጐሩና «በጉሮሮዬ ነዋ! ዛሬ ብርድ መቶኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ዝቅ አድርጌ እቃኛለሁ» አሉን። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ክር ከመጀመሪያው፥ ሦስተኛውንም ከሁለቱ ጋር እያነጻጸሩ ቃኙ። ሹካም መለኪያም አልነበራቸውም። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርነው ስም ስንጽፈው ትዝታቸው ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ሆነ፤ ባቲያቸውም ዶ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ ነው። አምባሰል በፒያኖ ላይ በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ሚ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ብሎ ሊመታ ይችላል። አንቺ ሆዬ ግን ከዶ ሲነሣ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ስላሉበት ከሁሉም ይልቅ ለጆሮ የሚያስቸግር ነው።

አሁን ወደ ፒያኖው ታሪክ እንመለስ። ፒያኖን የፈለሰፈው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ የተባለ የጣልያን ብልሃተኛ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1700 ገደማ፥ ቦታውም ፍሎረንስ ነው። ከእርሱ በፊት በነበረው በክላቭሲን ክሩ በጫፍ እየተነካ ይጮህ ስለ ነበር፥ ተጫዋቹ በጣቱ ኀይል ድምፁን እንደ ልቡ ሊያጐላና ሊያሳንስ አይችልም ነበር። ክሪስቶፎሪ ግን ክሩን የሚመታ ትንሽ መዶሻ አበጀ። ከሠራቸውም መሣሪያዎች ሦስቱ እስከ ዛሬ ድረስ በኒው ዮርክ፥ በሮማና በላይፕሲግ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። በ1825 በአሜሪካ አልፌውስ ባብኮክ ለፒያኖ አንድ ወጥ የብረት ማዕቀፍ ከሠራ በኋላ፥ ክሮቹ ይበልጥ ወፍራምና ጥብቅ ሊሆኑ ቻሉ። የዛሬው ፒያኖ 88 ቁልፎችና ከ200 በላይ ክሮች አሉት፤ ለአብዛኛዎቹም ድምፆች ሦስት ሦስት ክር ተመድቧል። የክሮቹ ጉተት ሲደመር ከ15 ቶን ያላነሰ ነው። የተበጠሰው ክር የእኅታችንን እጅ እንደዚያ የገረፈበት ምክንያት የገባን ይህን ስናነብ ነው።

የውጭ አገር የሙዚቃ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት መግባት የጀመሩት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ ከ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወቁት የነሐስ ሙዚቀኞች እነርሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ። በዚያ ትምህርት ቤትና በቡልጋርያ የተማሩት ፒያኖ ተጫዋች ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» የሚል ስም ያለው የፒያኖ ድርሰት አላቸው። ስለዚህ የጎረቤታችን ተራራ ስም በፒያኖ ላይ ከወጣ ቆይቷል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለእኛ አገር ከሁሉም የሚቀርበው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ነው። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አዚናራ ደሴት በግዞት ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ በካይሮ ኮንቶሮቪች ከተባሉ የፖላንድ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ተማሩ። ወደ ለንደን ሄደው ሙዚቃን የማጥናት ተስፋቸው ሳይሳካ በቀረ ጊዜ ግን፥ በ19 ዓመታቸው ቤታቸውን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሄዱ። ግሸን በአምባሰል የሚገኝ አምባ ነው፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው በዓል ከደሴ የሚነሡት ምእመናን የሚያልፉት በእኛ ከተማ በኩል ነው። እማሆይም በገዳም ሕይወት 10 ዓመት ያህል ጫማ ሳይጫሙ፥ ሙዚቃንም ትተው በጸሎት ብቻ ኖሩ።

ኋላም ወደ ፒያኖ ተመለሱ። በጎንደር የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፥ የቆሎ ተማሪዎች እየለመኑና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በውጭ እያደሩ ሲማሩ አይተው አዘኑ፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1967 በጀርመን አገር ካሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለችግረኞች ርዳታ አዋሉት። የመጨረሻ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም አሳልፈው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚህ መንገድ ላይ እኒህን የመሰለ ሰው አልፎ እንደ ነበረ ስናውቅ፥ በቤታችን የቆመው ፒያኖ ከባዕድ አገር የመጣ ዕቃ ብቻ መስሎ መታየቱ ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ አጎታችንን ፈቃድ ጠይቀን እንደገና ሥራ ጀመርን። በዚህ ጊዜ ፒንሳውን ተውነው። በአዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን የችንካሩን ባለ አራት ማዕዘን ራስ አጥብቆ የሚይዝ የመቃኛ መፍቻ ላከልን። ከአሮጌ ጎማ ቈርጠን ትናንሽ ሽብልቆች አበጀን። ለመነሻ ድምፅ የሚሆነንም መቃኛ በስልክ ላይ አገኘን። ቀድሞ ግን ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው የድምፅ ሹካ ነበር፤ እርሱንም በ1711 የሠራው ጆን ሾር የተባለ የእንግሊዝ መለከት ነፊ ነው። የላ ድምፅ ቁመት በየአገሩ የተለያየ ስለ ነበር፥ በ1939 በለንደን በተደረገ ጉባኤ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን ስምምነት ተደረገ፤ ይህም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው። አባባ በጉሮሯቸው የሚወስኑትን ነገር ሌላው ዓለም በጉባኤ ወሰነው ማለት ነው።

ለጀማሪ የሚሆነው አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የሚመታውን ክር በጣት እየተከተሉ ችንካሩን በትክክል መለየት ያስፈልጋል፤ እኛ የተቀጣነው ይህን ባለ ማድረጋችን ነው። ቀጥሎ ከሦስቱ ክሮች ሁለቱን በጎማው ሽብልቅ ዝም አሰኝቶ አንዱን ብቻ መቃኘት ነው። ከዚያም ሁለተኛውን ከፍቶ ከመጀመሪያው ጋር ማስማማት ይገባል። ሁለቱ ጥቂት ሲለያዩ ድምፁ ይርገበገባል፤ አንዱ 440፥ ሁለተኛው 442 ቢሆን በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማል። መፍቻው በጣም በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ መርገብገቡ እየዘገየ ይሄዳል፤ ፈጽሞ ጸጥ ሲል ሁለቱ ክሮች አንድ ሆኑ ማለት ነው። አሮጌ ፒያኖ በአንድ ቀን ብዙ ከፍ ቢደረግ ክሩ ሊበጠስ ስለሚችል፥ በጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማንሣት ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ እኛም በመጀመሪያው ቀን በ4 ሰዓት ሥራ ያስማማነው 6 ድምፅ ብቻ ነበር።

አንድ ያስደነቀን ነገር በሒሳብ የሚገለጽ ነው። ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት በንጹሕ አኳኋን ሲቃኝ የንዝረቱ መጠን 3 ለ2 ነው። በዚህ ርቀት 12 ጊዜ ወደ ላይ ቢወጡ እንደገና ዶ ላይ መድረስ ነበረበት። ነገር ግን አንድ ተኩልን 12 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 129.75 ያህል ሲሆን፥ ትክክለኛው ዶ፥ ማለት ሁለትን 7 ጊዜ በራሱ ማባዛት፥ 128 ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ይህን ጉድለት ለአሥራ ሁለቱም ድምፆች እኩል አካፍሎ ለማስታረቅ የቻይናው ዡ ዛይዩ በ1584፥ የሆላንዱ ሲሞን ስቴቪንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስሌቱን አገኙ። እንግዲህ በሚገባ የተቃኘ ፒያኖ እያንዳንዱ ድምፁ ጥቂት ጥቂት ጉድለት የተሸከመ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው ተረት በፒያኖ ውስጥ ይሠራል።

ሥራው ሦስት ሳምንት ከፈጀ በኋላ አባባን ቡና ጠርተን ክራራቸውን ይዘው እንዲመጡ ለመንናቸው። በመጀመሪያ ክራሩን ከፒያኖው ጋር አስማምተው ትዝታ መቱ፤ እኛም ተከተልን። እናታችን ጀበናውን እንደ ያዙ ቆመው ሰሙን። ቀጥሎ አንቺ ሆዬ ሲሆን ግን ነገሩ ተለወጠ። አባባ እንደ ልማዳቸው በጉሮሯቸው ቃኙ፤ እኛ ስንመታ ሁለት ድምፆች አልገጠሙም። ፒያኖው የተበላሸ መስሎን ደንግጠን በስልኩ መረመርነው፤ ትክክል ነበር። «እንግዲያስ አባባ፥ ክራሩን ጥቂት ከፍ ያድርጉት» አልናቸው። እርሳቸውም «ልጆቼ፥ ለትዝታው እሺ ብያችኋለሁ፤ ይኸን ግን አባቴ ከሰጠኝ ቦታ አላነሣውም። ሣጥናችሁ አልተሳሳተም፤ እኔም አልተሳሳትኩም» አሉንና ክራራቸውን ወደ ጐን አስቀምጠው ቡናቸውን ጠጡ።

በዚያች ሌሊት እኛ ብዙ ተከራከርን። እኅታችን «ፒያኖው የተማረ ስለ ሆነ ክራሩ መስተካከል አለበት» ስትል፥ ጸሐፊው ደግሞ የለም አለ። በመጨረሻ ግን ሁለታችንም በአንድ ሐሳብ ተስማማን። የፒያኖው ድምፅ ቢጠፋ መጽሐፉ፥ ሹካውና ስልኩ አለ፤ በማንኛውም አገር ያለ ባለሙያ ይመልሰዋል። እኒያ ሁለት የአንቺ ሆዬ ድምፆች ግን ያሉት በአባባ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ አባባም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄደን እያንዳንዱን ክር ለየብቻ፥ በአራቱም ቅኝት፥ በስልክ ቀዳን፤ ንዝረቱንም ለክተን በደብተር ጻፍን። አባባ በመጀመሪያ ሥቀውብን ነበር፤ ኋላ ግን «የሦስተኛውን ክር እንደገና ቅዱት፤ ትናንት ብርድ መቶኝ ነበር» ብለው ራሳቸው አሳረሙን። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እርሳቸው እየሄድን ክራር እንማራለን።

ፒያኖው ዛሬም ፍጹም አይደለም። የተበጠሰው ክር ምትክ ስላልተገኘለት ያ ድምፅ በሁለት ክር ብቻ ይጮኻል። በክረምት የድምፁ ሳንቃ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ክሮቹን ይወጥራል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ያላላቸዋል፤ ስለዚህ በየወቅቱ እንደገና መቃኘት ይኖርብናል። አጎታችን ግን ሥራውን ካዩ በኋላ ክዳኑን መዝጋት ትተዋል።

ለአስተማሪያችን ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በየቤታችሁና በየጎረቤታችሁ ክራር፥ መሲንቆ፥ በገና ወይም መንዙማ የሚያውቅ ሽማግሌ ቢኖር፥ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ሄዳችሁ የመጀመሪያውን ድምፅ በምን እንደሚለኩት ጠይቁና መልሳቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።